አዲስ ሰፈር፣ አዲስ ጎረቤት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ማርቆስ ዳር ዳሩን እየሰፋች ነው። ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ሞጣና ዳንግላም እንደዚያው። ትናንት ጤፍ ይታጨድበት የነበረ መሬት ዛሬ የማህበር ቤት ተደርድሮበታል። አጥሩ ግንብ፣ በሩ ላሜራ፣ መንገዱ ገና ጭቃ። አንዱ ከቢቸና፣ አንዱ ከደጀን፣ አንዱ ከአዲስ አበባ መጥቶ ጎን ለጎን ሠርቷል። ሰላምታው አለ፤ ጉርብትናው ግን ገና ነው። ከዚህ በታች ያሉት ቡና ላይና እድር ስብሰባ ላይ ደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። የሰፈርዎ ልማድ ከዚህ ከተለየ ልማዱን ያስቀድሙ።

አዲስ ቤት ገባን። ከማን ጋር እንተዋወቅ? ከየትስ እንጀምር?

አጥር ከሚጋራዎት ሰው ይጀምሩ። ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከፊት ለፊትና ከኋላ። የኋላውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ በሩ በሌላ መንገድ ስለሆነ አይታይም። ግን የግንብዎ ጀርባ የእሱ ጓሮ ነው። ክረምት ሲገባም ውሃዎ የሚወርደው ወደ እሱ ሊሆን ይችላል።

ቡና አፍልቶ መጥራት የታወቀ ነው። ቆሎ ወይም ዳቦ ይበቃል። ጾም ከሆነ የጾም ነገር ያቅርቡ። ትልቅ ድግስ ግን አይደግሱ። የተደገሰለት ሰው ብድሩን መመለስ አለብኝ ብሎ ያስባል፤ አቅሙ ካልፈቀደ ደግሞ ሁለተኛ ሲጠሩት ይሸሻል።

እኔን ከጠየቁኝ፣ ከመስጠት ይልቅ መጠየቅ ቶሎ ያቀራርባል። ሊጥ ሊያቦኩ ነው እንበል። ቤት ሲቀይሩ እርሾው ከድሮው ቤት ቀርቷል። ጆግ ይያዙና የጎረቤት በር ያንኳኩ። «እትዬ፣ እርሾ ይኖርዎታል?» ይበሉ። ሴትዮዋ ከቡሃቃው ትቀዳልዎታለች። እግረ መንገዷን ጤፉ ከየት እንደተገዛ ትጠይቃለች። ምጣዱ አዲስ ከሆነ እንዴት እንደሚሟሽ ትነግርዎታለች። ወፍጮ ቤቱ የቱ እንደሚሻልም አብሮ ይመጣል። በር ላይ እንደቆማችሁ ሩብ ሰዓት ያልፋል። በሚቀጥለው ሳምንት ወንፊት ፈልጋ እሷ ትመጣለች።

ምንም የማይጠይቅ ጎረቤት «ምን ጎድሎበት» ይባላል። ቆይቶ ደግሞ «ኩሩ ነው» ይባላል። መሰላልም፣ ዶማም፣ የእጅ ጋሪም ይዋሱ። በማግስቱ ይመልሱ፤ የዶማውን ጭቃ አጥበው።

ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባው። ማኅበራዊ ኑሮ ከየት ላምጣ?

ሁሉም ቦታ መገኘት አይጠበቅብዎትም። ለቅሶ፣ አራስ ጥየቃና በሽተኛ ጥየቃ ግን አይቅርብዎ። ሠርግ የቀረ ሰው ሰበቡ ይሰማለታል። ለቅሶ የቀረ ግን ለዓመታት ይታወስበታል። ቀብሩ ላይ መድረስ ካልቻሉ ማታ ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ይቀመጡ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ዝም ማለት በቂ ነው፤ ወሬ መፍጠር አያስፈልግም።

እድር ልግባ? መግቢያው ለምን ይህን ያህል ይወደዳል?

ይግቡ፤ ቶሎም ይግቡ። በብዙ እድር ደንብ አዲስ አባል ሙሉ አገልግሎት የሚያገኘው ለተወሰኑ ወራት ካዋጣ በኋላ ነው። «ቤቱ ይለቅ፣ አጥሩ ይታጠር» ሲባል ጊዜው ያልፋል።

እድር ጥንታዊ ቢመስልም በከተማ የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከዘመዱ ርቆ ከተማ የገባ ሰው ቀባሪና አስተዛዛኝ ስለፈለገ ነው የተስፋፋው። እርስዎም ያሉበት ሁኔታ ይኸው ነው። ስለዚህ «የነባር ሰዎች ነገር ነው» ብለው አይፈሩት።

መግቢያው የሚወደደው በንብረቱ ምክንያት ነው። ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ብረት ድስቱን፣ ትሪውንና ብርጭቆውን ነባሮቹ ለዓመታት አዋጥተው ነው የገዙት። አዲስ ገቢ የሚከፍለው የዚያን ድርሻ ነው። በአንድ ጊዜ መክፈል ካቃተዎት ተከፋፍሎ በየወሩ እንዲሆንልዎ ይጠይቁ። ብዙ እድር እሺ ይላል።

ከመክፈልዎ በፊት መተዳደሪያ ደንቡን ያንብቡ። ካልተጻፈ ጸሐፊውን ቁጭ ብለው ይጠይቁ። ለማን ለማን ይከፍላል? ለአማትና ለምራትስ? በእኛ አካባቢ ዋናው ጥያቄ ደግሞ ሌላ ነው። የብዙው ሰው ወላጆች ገጠር ናቸው፤ የሚቀበሩትም በተወለዱበት አጥቢያ ነው። እናትዎ ሞጣ ገጠር ውስጥ ቢያርፉ እድሩ ድንኳኑን እዚህ ይተክላል? ሰው ይልካል? መኪና ይከራያል? ይህ ሳይጣራ ቀርቶ ድንኳን ውስጥ ጭቅጭቅ ሲነሳ በጣም ያሳፍራል።

መርዶም አለ። የሞተው ሩቅ አገር ከሆነ ጎረቤት ቀድሞ ይሰማል። ማታ ይመካከራሉ፤ ሌሊቱን ሐዘንተኛው ተኝቶ እንዲያድር ይተዉታል። ገና ሳይነጋ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው በአንድነት በሩን ያንኳኳሉ። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ይናገራል፤ ሌላው የሐዘንተኛውን ሁለት ክንድ ይይዛል። ሴቶቹ ቀጥታ ወደ ጓዳ ይገባሉ፣ ውሃ ይጥዳሉ፣ ልጆቹን ወደ ጎረቤት ይወስዳሉ። ዘንድሮ ደግሞ ሁሉም ሰው ስልክ አለው። መርዶውን በፌስቡክ የሚሰማ በዝቷል። ፎቶና «ነፍስ ይማር» ለመለጠፍ የሚቸኩል ሰው ሰፈርዎ ውስጥ ካለ፣ ቤተሰቡ እስኪረዳ ድረስ እንዲታገስ ዛሬውኑ ይንገሩት።

ቅጣቱን እየከፈሉ የሚቀሩ አባላት አሉ። ስም ሲጠራ የሉም፤ በወሩ መጨረሻ ቅጣቱን ከፍለው ይገላገላሉ። ካዝናው አይጎዳም። አግዳሚ የሚያወጣ፣ አስከሬን የሚሸከም ትከሻ ግን ይጎድላል። ስለዚህ እኔ ቅጣቱን ከማክበድ ሥራውን በተራ ማከፋፈል ይሻላል ባይ ነኝ። «በዚህ ወር ድንኳን የሚተክሉት እነ እገሌ» ተብሎ ስሙ የተጻፈ ሰው መቅረት ያፍራል።

የአባቴ እድር ሌላ ሰፈር አለ። እዚህም መግባት አለብኝ?

አቅም ካለዎት በሁለቱም ይሁኑ። ካልሆነ ቅድሚያ የሚኖሩበትን ያድርጉ። ሌሊት ለጩኸት የሚደርሰው የቅርቡ ነው።

ተከራይ ነኝ። ሰፈሩ እንደ ሰው አይቆጥረኝም።

እውነት ነው፣ ይህ ችግር አለ። ስም እያለው «የእነ እገሌ ተከራይ» ተብሎ ለዓመታት የሚኖር ሰው አለ። ብዙ እድር ተከራይ ይቀበላል፤ አንዳንዱ ዋስ ይጠይቃል። አከራዮች ደግሞ አንድ ነገር ይለመዳችሁ። ሰው ቤታችሁ ሲገባ ይዛችሁት ውጡና ግራ ቀኙን በስሙ አስተዋውቁት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የጎረቤቴ ጣሪያ ውሃ ግቢዬ ይገባል። ተናግሬ ሰለቸኝ።

በጎጃም አዲስ ሰፈር ውስጥ የአብዛኛው ጠብ መነሻ ይህ ነው። ክረምቱ ከባድ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማዩ ፋታ አይሰጥም። ቤት ሠሪው ሁሉ ግቢውን በገረጋንቲ እየሞላ ከፍ ያደርጋል። ዘግይቶ የሠራው ከላይ ይሆናል፤ ቀድሞ የሠራው ከታች ይቀራል። ማንም ሆን ብሎ አላደረገውም። ውሃው ግን መውረጃ ይፈልጋል።

ዝናብ እየዘነበ፣ ቦት አድርገው፣ በንዴት አይሂዱ። ግንቦት ላይ ይሂዱ። ጎረቤትዎን ወደ ግቢዎ ጠርተው ያለፈው ዓመት ጎርፍ ግድግዳው ላይ የተወውን መስመር ያሳዩት። ከዚያ መፍትሔውን ይዘው ይቅረቡ፦ «አሸንዳውን እንሥራ፣ ቱቦውን ወደ መንገዱ ቦይ እናውርደው፣ ወጪውን እንካፈል።» ግማሹን እችላለሁ ያለን ሰው እምቢ ማለት ይከብዳል።

ችግሩ የሰፈሩ ሁሉ ከሆነ ደግሞ ደቦ ነው መፍትሔው። ገጠር ያደገ ሰው ደቦና ወንፈል አይነገረውም። ከተማ ገብተን ረሳነው እንጂ እጃችን ያውቀዋል። ቀን አመራረጡ ላይ ብቻ ይጠንቀቁ። እሁድ ቁፋሮ የለም። ቅዳሜንም የሚያከብሩ አሉ። በ12፣ በ21፣ በ29 ዶማ ይዘው ቢወጡ ማንም አይከተልዎትም። ከሥራ መልስ ባለች ሰዓት ለሁለት ሦስት ቀን መሥራት ይሻላል።

ቦዩን ከታች ጀምረው ወደ ላይ ይቆፍሩ። ከላይ ከጀመሩ ድንገት ዝናብ ቢጥል ውሃው መሐል ላይ ይቆምና አንዱን ግቢ ያጥለቀልቃል። ሌላው ጣጣ የበር ማሻገሪያው ነው። እያንዳንዱ በሩ ላይ መኪና ማሳለፊያ ብሎ ከሥር ቱቦ ይቀብራል። አንዱ ሰፊ ይቀብራል፣ አንዱ ጠባብ። ጠባቡ ቱቦ ላይ ፌስታልና ገለባ ይወተፋል፤ ከላይ ያለው ሰው ሁሉ ይጎዳል። ስለዚህ ዶማ ከመነሳቱ በፊት በቱቦው ስፋት ይስማሙ። ከተቻለ አብራችሁ ግዙ።

ጠላው ሥራው ሲያልቅ ይቅረብ። የጎጃም አረቄ ከሆነማ ዶማው ሁሉ ተቆጥሮ ከገባ በኋላ!

ሰፈሩ አንድ ጊዜ አብሮ ከሠራ ማዘጋጃ ቤት መሄድም ይቀላል። የኮብልስቶን ጥያቄ በብዙ ከተሞች የነዋሪ መዋጮ ይጠይቃል። ቦይ አብሮ ያልቆፈረ ሰፈር ያን መዋጮ መሰብሰብ ያቅተዋል።

ድንበር ላይ ባህር ዛፍ ተተክሎብኛል።

ችግኝ እያለ ይናገሩ። ካደገ በኋላ ንብረት ነው፤ ባለቤቱ አጠናውንና ማገሩን አስልቶበታል። ውሃ ይስባል፣ ሥሩም ግንብ ያስቸግራል። «ንቀለው» ከማለት «ወደ ውስጥ ትንሽ ገባ አድርገው፣ ድንበሩ ላይ ጌሾ ወይም ኮክ እንትከል» ማለት ያስማማል። ጌሾ ለሁለቱም ቤት ይጠቅማል።

ጫጫታና ጭስ ሲበዛስ? ሕግ አለ?

አለ። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸትና ንዝረት ከመልካም ጉርብትና ወሰን እንዳያልፍ ይላል። የአካባቢው ልማድም ከግምት ይገባል። ይህች የመጨረሻዋ ነገር ቁልፍ ናት። የሠርግ ጭፈራ ልማድ ነው፤ ቢያስቸግርም ይታለፋል። በየሌሊቱ የሚበየድ ብረት ግን ልማድ አይደለም።

ጭሱ ብዙ ጊዜ ከማድ ቤት ነው። አዲስ ሰፈር ውስጥ ግቢው ጠባብ ስለሆነ የአንዱ ማድ ቤት ከሌላው መኝታ ቤት መስኮት ሥር ይወድቃል። የጭስ ማውጫውን ከግንቡ በላይ ከፍ ማድረግ ነገሩን ይፈታዋል። ሕጉን በልብ ይያዙት እንጂ ገና በመጀመሪያው ቀን አንቀጽ አይጥቀሱ። አንቀጽ የተጠቀሰበት ጎረቤት ከዚያ በኋላ ሰላም አይልም።

ጎረቤቶቼ ሙስሊሞች ናቸው (ወይም ክርስቲያኖች ናቸው)። እንዴት እንጥራቸው?

እንደማንኛውም ሰው ይጥሩ። የሚለየው ሥጋው ነው፤ እሱም ሁለቱም ወገን የሚያውቀው ስለሆነ አያሳፍርም። ሠርግ ከደገሱ ለሙስሊም እንግዶች በጉን ወይም ገንዘቡን ቀደም ብለው ለአንድ ሙስሊም ጎረቤት ይስጡ። አራጁም፣ ወጥ ሠሪዋም፣ ድስቱም ከእነሱ ይሁን። የሚቀመጡበትን ቦታ ግን ጥግ ላይ አያድርጉት። ረመዳን ላይ ቀን ቡና ጠጡ ብለው አያስቸግሩ፤ ማታ ለማፍጠሪያ ፍራፍሬ ቢልኩ ያምራል። የሙስሊም ቀብር አይዘገይም። እድሩ «ነገ እንሰበሰባለን» ካለ ይቀድመዋል፤ ደንቡ ውስጥ ይህ ይታሰብበት።

ሰፈሩን የሚያቀራርብ አንድ ነገር ብንጀምር ምን ይሻላል?

ስብሰባ አይጀምሩ። ስብሰባ የሚወዱት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እነሱም ሁሌ ይመጣሉ።

ቅርጫ ይጀምሩ። ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ አንድ በሬ ለአጎራባቾች። ገንዘብ ቀደም ብሎ ይሰበሰባል፣ በሬ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ገበያ ይወጣሉ፣ ሲመለሱ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ «ተሸወዳችሁ» ይላል። ዋናው ደስታ ክፍፍሉ ነው። ቅጠል ላይ መደቡ ይደረደራል። ከሥጋው፣ ከጉበቱ፣ ከጨጓራው፣ ከአጥንቱ ለእያንዳንዱ መደብ ይደርሰዋል። ዓይኑ ሹል የሆነ ሰው «ከዚህኛው ትንሽ አንሱ» ይላል። ከዚያ ዕጣ ነው። አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ እንጨት ይሰጣል። የማን እንደሆነ ያላየ ልጅ ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ዶክተሩም፣ ሹፌሩም፣ አስተማሪውም እጁ ላይ በወጣው ይስማማል። ለመላው ሰፈር በአንድ በሬ አይሞክሩ፤ መደቡ ያንስና ማጉረምረም ይመጣል።

ለልጆች ቡሄ አለ። ነሐሴ ላይ ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች ሲመጡ በሩን ይክፈቱ። ላሜራ በር ዘግቶ ከውስጥ «የለንም» ማለት በዝቷል።

የጎረቤት ልጅ ሲያጠፋ ልቆጣ?

ይቆጡ፤ አይምቱ። ድሮ ጎረቤት ይገርፍ ነበር የሚሉ አሉ፤ ያን ጊዜ ወላጆቹ ይተዋወቁ ነበር። ዛሬም መጀመሪያ ከወላጁ ጋር ይተዋወቁ።

የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ ግን ጠብ በጠብ ሆነ።

ግሩፑን ለማስታወቂያ ብቻ ያድርጉት፦ ውሃ የሚመጣበት ፈረቃ፣ የትራንስፎርመር ብልሽት፣ የጠፋ በግ፣ ለቅሶ። ቅሬታ በአካል ይነገር። አንድ ሰው «አንዳንድ ጎረቤቶች ቆሻሻ መንገድ ላይ…» ብሎ ከጻፈ ሁሉም ለእኔ ነው ይላል። ስማርት ስልክ የሌላቸው እናቶችና አባቶች ደግሞ አይረሱ። የእድሩ ጥሩምባ እስካሁን ሥራው አላለቀም።

ሌባ በዝቷል። ዘበኛ እንቅጠር ወይስ ሮንድ እንውጣ?

አዋጥቶ ዘበኛ መቅጠር ከተቻለ ጥሩ ነው። ሮንድም ከወጣችሁ ተራው ለሀብታም በገንዘብ፣ ለድሃ በእግር እንዳይሆን። ከሁለቱም በፊት ግን እያንዳንዱ የበሩን መብራት ማታ ማታ ያብራ። ከከተማ ሲወጡ ለአንድ ጎረቤት ይንገሩ።

ከጎረቤቴ ጋር ተኳርፈናል። ማን ያስታርቀን?

ሁለታችሁም የምታፍሩትን ሰው ፈልጉ። ዘመድ ባይሆን ይመረጣል። ሽማግሌ ሦስት ቢሆን ይሻላል፤ ሁለት ከሆኑ ለየወገናቸው ይቆማሉ። በተናጠል ይስሙ፣ ከዚያ ያገናኙ። ይቅርታ የሚባለው ሌላ ሰው ባለበት ነው፤ ያኔ ዳግም አይነሳም።

እንዲህ ዓይነት ሰው የሚገኘው ሰዎች በሌላ ምክንያት በሚገናኙበት ቦታ ነው። ጽዋ የሚጠጣ ማህበር ካለ ሙሴው፣ ማለትም የማህበሩ መሪ አለ። አዊ ውስጥ በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማህበር አለ። ሰው የሚያውቀው ጥር 23 እንጅባራ ላይ በሚታየው ፈረስ ጉግሱ ነው። አባላቱ ግን ይረዳዳሉ፣ የተጣላም ያስታርቃሉ። አዲስ ሰፈር ውስጥ ሽማግሌ የሚጠፋው ሽማግሌ ስለሌለ ሳይሆን ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ነው።

ለሽምግልና የማይሰጥ ነገርም አለ። ሴት ወይም ልጅ እየተደበደበ ከሆነ «የቤት ጉዳይ ነው» አይባልም። በሩን ያንኳኩ፣ ሰው ይጥሩ፣ ለፖሊስ ያሳውቁ። «ጎረቤት ጣልቃ አይገባም» የሚለውን እዚህ ላይ አልቀበልም።

ከሰፈሩ ልንለቅ ነው። እድሩስ?

እዚያው ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ ብዙ ሰው አያቋርጥም፤ ለቅሶ እየደረሰ ይቀጥላል። ሌላ ከተማ ከሄዱ ለጸሐፊው በጽሑፍ ያሳውቁ። የወሩን መዋጮ የሚከፍልልዎና ለቅሶ የሚደርስልዎ ሰው ይወክሉ። ሦስት አራት ወር ዝም ካሉ ስምዎ ይሰረዛል፤ ተመልሰው ሲመጡም እንደ አዲስ ገቢ ነው የሚከፍሉት። ቤቱን የገዛውን ወይም የተከራየውን ሰው ደግሞ ከመሄድዎ በፊት ከጸሐፊው ጋር ያገናኙት።